ትጮሃለች እንጂ አትሄድም፦ ስለ ድሮ ሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ለጠየቃችሁን

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ከአዳማና ከዙሪያዋ ናቸው፤ ጉዳያቸውም አንድ ነው፦ ፍሪሲዮን፣ የሞተሩን ጉልበት ከማርሹ ጋር የሚያገናኘውና የሚያላቅቀው ክፍል። ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ ለእሱ ለቀቅንለት። መልሶቻችን ውስጥ የሚሊ ሜትር ቁጥሮች አሉ፤ ካሊፐር የሌለው ሰው ብሎን ከመፍታቱ በፊት ከጎረቤት ይዋስ። ያለ መለኪያ የሚሠራ ፍሪሲዮን ግምት ነው፣ ግምት ደግሞ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል።

ጥያቄ፦ የድሮዋ ሆንዳ ሲጂ 125 አለችኝ። ከአዳማ ወደ አሰላ ስጓዝ አዋሽ መልካሳን አልፌ ዳገቱ ሲጀምር ሞተሯ ይጮሃል እንጂ ፍጥነት አትጨምርም። ሜዳ ላይ ግን ምንም የለባትም። ያሳየሁት መካኒክ «ሸራው አልቋል፣ ሙሉ ፍሪሲዮን ግዛ» አለኝ። ሳላስፈታ የማረጋግጥበት መንገድ አለ? ከተፈታስ ራሴ ልሠራው እችላለሁ? (ከፍራንኮ ሰፈር፣ አዳማ)

መልስ፦ ምልክቱ የፍሪሲዮን መንሸራተት ነው፤ ሸራው ማለቁን ግን ገና አያረጋግጥም። ሜዳ ላይ የማይታይበት ምክንያት ቀላል ነው። ባለ ሸራ ዲስኮቹን (የሚጨብጥ ልባስ ያላቸውን) እና የብረት ዲስኮቹን አንድ ላይ ጨምቆ የሚይዛቸው የአራት ሞላዎች ግፊት ነው። ለሜዳው ያ ግፊት ይበቃል። ዳገት ላይ በላይኛው ማርሽ ሙሉ ነዳጅ ሲሰጧት ግን የሞተሩ ጉልበት ከግፊቱ ይበልጥና ዲስኮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ይሾልካሉ።

እዚያው አዳማ ሊሞክሩት ይችላሉ። ሞተሩን በደንብ ያሙቁ፤ ነፃ በሆነ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በላይኛው ማርሽ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄዱ ነዳጁን በአንዴ ይክፈቱ። ጤነኛ ፍሪሲዮን ያላት ሞተር ድምፅዋና ፍጥነቷ አብረው ቀስ እያሉ ይጨምራሉ። ድምፁ ቀድሞ ከዘለለና ፍጥነቱ ኋላ ከቀረ ተንሸራትቷል።

አሁን ካቮውን (ፍሪሲዮኑን የሚስበውን የሽቦ ገመድ) ይዩ። የመሪው ላይ እጀታ ጫፉ ላይ ሲለካ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ምንም ሳይጭን በልቅነት መሄድ አለበት። ልቅነት ከሌለው ሳያውቁት እጀታውን በከፊል ጨብጠው እንደሚነዱ ይቁጠሩት፤ አዲስ ሸራም ቢሆን ይንሸራተታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ሸራ እያለቀ ሲሄድ የእጀታው ልቅነት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። ልቅነቱ እየጨመረ ከመጣ የላላው ወይም የተበጣጠሰው ካቮው ነው። ባለፈው ዓመት አስተካክለውት ዘንድሮ ጠብቆ ካገኙት ግን ዲስኮቹ ሳስተዋል ማለት ነው። ልቅነቱን መልሰው ይሞክሩ። መንሸራተቱ ከጠፋ ገንዘብዎ ኪስዎ ቀረ፤ ስለ ዘይት የጻፍነውን መልስም ከታች ያንብቡ። ካልጠፋ ይፈታ።

የሚያስፈልጉት፦ አንድ ስብስብ ባለ ሸራ ዲስክ፣ አራት ሞላ፣ የቀኝ ሽፋኑ ጓርኒሲዮን (ዘይት እንዳያፈስ በመገጣጠሚያው መሃል የሚገባው)፣ የመሃሉ ዳዶ መቆለፊያ ሮንዴላ፣ 1 ሊትር ዘይት። የዲስኩ ቁጥር እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ይቁጠሩ። የብረት ዲስኮቹን ለክተው ካልወደቁ አይግዙ።

ዘይቱን ሞተሩ እንደሞቀ ያፍስሱ። ካቮውን ያላቁ፣ ካልቾውን (ሞተሩ በእግር የሚነሳበትን መርገጫ) ይፍቱ፣ የቀኝ እግር መርገጫው መንገድ ከያዘ እሱንም ያንሱ። የሽፋኑ ብሎኖች ርዝመታቸው አንድ ስላልሆነ ካርቶን ላይ የሽፋኑን ቅርጽ ስለው እያንዳንዱን በቦታው ይሰኩት። ረጅሙን በአጭሩ ቦታ ያስገባ ሰው የአሉሚኒየሙን ቤት ይሰነጥቃል። ሽፋኑ እምቢ ካለ በላስቲክ መዶሻ ዙሪያውን መታ መታ ያድርጉ፤ ካቻቢቴ በመገጣጠሚያው መሃል ሰቅስቀው አይፈልቅቁት፣ ያ ጭረት ዕድሜ ልኩን ዘይት ያንጠባጥባል።

ሽፋኑ ሲነሳ አራት ሞላ የያዙ አራት ብሎኖች ይታያሉ። በ10 ቁልፍ ሰያፍ ለሰያፍ፣ በየተራ ሁለት ሁለት ዙር እየፈቱ ያላሏቸው። አንዱን ጨርሰው ከፈቱት የሞላው ኃይል በሌሎቹ ላይ ተዛብቶ ያርፋል፤ ብሎኖቹ የገቡባቸው የአሉሚኒየም ቋሚዎች ደግሞ እንደ ሸንኮራ አገዳ ቀንጠስ ይላሉ። ሲጂ ላይ በብዛት የሚሰበረው ይሄ ነው፤ ከመፍታቱም ይልቅ በጉልበት ሲጠብቅ።

ከዚህ በኋላ ሲጂ ከብዙዎቹ የድሮ ያማሃዎች ትለያለች። ያማሃ ላይ ተጫኙ ሳህን (ዲስኮቹን የሚጨምቀው) ፊት ለፊት ስለሆነ ሞላዎቹ እንደወጡ ዲስኮቹ ይመዘዛሉ። ሲጂ ላይ ግን ተጫኙ ሳህን ከኋላ፣ ከዲስኮቹ ጀርባ ነው። ስለዚህ የመሃሉ ዳዶ ሳይፈታ አንድም ዲስክ አይወጣም። ዳዶው ስድስት ማዕዘን የለውም፤ ጠርዙ ላይ አራት ክፍተት ነው ያለው። መፍቻው ከጠፋ ልኩ የሆነ አሮጌ ቡሽ ቁልፍ ገዝተው ጫፉን በመፍጫ ቆርጠው አራት ጥርስ ያውጡለት፤ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። በስካርፔሎና በመዶሻ የሚመታ ሰው ዳዶውን ያበላሻል፣ ፍንጣሪውንም ሞተር ውስጥ ይተዋል። ሲፈቱ እምብርቱ (ዲስኮቹ የተሰኩበት የመሃል ክፍል) አብሮ እንዳይዞር ላይኛውን ማርሽ አስገብተው አንድ ሰው የኋላ ፍሬን አጥብቆ ይርገጥልዎ። የመቆለፊያ ሮንዴላው የትኛው ፊቱ ወደ ውጭ እንደነበር ያስተውሉ፤ የሆንዳዎቹ ላይ «አውትሳይድ» የሚል ጽሑፍ ያለው ፊት ነው ወደ እርስዎ የሚያየው። እምብርቱን፣ ዲስኮቹንና ተጫኙን ሳህን እንደ አንድ ጥቅል ስበው ያውጡ፣ ሳይበታተን በስልክዎ ፎቶ ያንሱት።

አሁን ይለኩ። አዲስ ባለ ሸራ ዲስክ ውፍረቱ ከ2.9 እስከ 3.0 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን አራት ቦታ ለክተው አንዱም ቢሆን 2.6 ከደረሰ ስብስቡ በሙሉ ይቀየራል። ልዩነቱ ኢምንት ይመስላል፤ ግን ያባዙት። ዲስኮቹ አምስት ቢሆኑና እያንዳንዱ 0.3 ቢያልቅ ጥቅሉ 1.5 ሚሊ ሜትር አጥሯል፤ ሞላዎቹም በዚያው ልክ ተዘርግተው ግፊታቸው ረግቧል። ለዚህ ነው አዲስ ሸራ ከደከመ ሞላ ጋር ግማሽ ጥገና የሚሆነው። አሮጌውን ሞላ ከአዲሱ ጎን አቁሙት፤ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ካጠረ አራቱም አብረው ይውጡ። አንዱን ብቻ መቀየር ግፊቱን ያዛባል።

የብረት ዲስኩን ወፍራም መስታወት ላይ አስተኝተው ዙሪያውን ስፔሶር (ባለ ቀጫጭን ቅጠል የክፍተት መለኪያ) ይሞክሩበት። የ0.2 ሚሊ ሜትሩ ቅጠል ከሥሩ ካለፈ ጠሟል፣ ይጣላል። ሰማያዊ ሆኖ ከጠቆረም በሙቀት ነዷልና ይጣላል። እንደ መስታወት ያበራ ግን ያልጠመመ ከሆነ 240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት መስታወቱ ላይ ዘርግተው በክብ በክብ ይሹት፤ አብረቅራቂው ጠፍቶ ደብዘዝ ሲል ይበቃዋል። ባለ ሸራውን በወረቀት ማሸት ግን ለአንድ ሳምንት ያህል ነው የሚያገለግለው።

አዲሶቹን ባለ ሸራ ዲስኮች በደረቁ አይግጠሙ። ሞተሩ ውስጥ በሚገባው ዘይት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አዳሩን ይዘፍዝፏቸው። ደረቅ ሸራ መጀመሪያ ሲነዳ እዚያው ይቃጠላል። አደራደሩ በባለ ሸራ ተጀምሮ በባለ ሸራ ያልቃል። የብረት ዲስኮቹ አንዱ ጠርዛቸው ስለታም፣ ሌላው ክብ ነው፤ ሁሉም ወደ አንድ ፊት ይሁኑ። ዳዶውን ከማጥበቅዎ በፊት ተጫኙ ሳህን ከእምብርቱ ጥርስ ጋር ቁጭ ማለቱን በጣትዎ ወዲያ ወዲህ እያሉ ያረጋግጡ። ጥርስ በጥርስ ላይ ተቀምጦ ዳዶው ከጠበቀ ሳህኑ ይሰነጠቃል። የሞላ ብሎኖቹን ሰያፍ ለሰያፍ፣ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ብቻ፤ መለኪያ ቁልፍ ከሌለ አጭር ቁልፍ በሁለት ጣት።

ሽፋኑ ክፍት እያለ ክራንኩ ጫፍ ላይ ያለውን ክብ ዘይት ማጣሪያ ክዳኑን ፈትተው ውስጡ የተጋገረውን ጭቃ ይጥረጉ። የወንጂን አቧራ ለዓመታት የበላች ሞተር እዚያ ውስጥ ሊጥ የመሰለ ነገር አይጠፋትም። ጓርኒሲዮኑ ላይ ሲሊኮን አይለድፉ፤ ወደ ውስጥ የሚወጣው ትርፍ ተቆርጦ የዘይት ወንፊቱን ይደፍናል። ዘይት 0.9 ሊትር ያህል ይግባ፤ ሲለኩ የዘይት መለኪያ ዘንጉን ሳያጠብቁ እንዲሁ አስቀምጠው ይዩ።

ማስተካከያው የሚጀመረው ከታች ነው። የመሪውን ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ ያስገቡት፣ ከዚያ ሞተሩ ጋ ባለው ዳዶ ልቅነቱን 15 ሚሊ ሜትር አካባቢ አድርገው ይቆልፉ። የመሪው ላይኛው ለመንገድ ይቀመጥልዎ። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላና ከ200 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ አዲስ ሸራ ሲላመድ ትንሽ ይቀመጣልና።

ጥያቄ፦ ፍሪሲዮኗ ሲንሸራተት መካኒኩ ከሞላዎቹ ሥር ሮንዴላ ጨመረበት። መንሸራተቱ ቆመ፣ ግን እጀታው ከበደኝ፣ በሁለት ወር ሁለት ካቮ በጠስኩ። (ከወንጂ)

መልስ፦ ሮንዴላው በሽታውን አላዳነም፣ ሸፈነው። ሸራው እየሳሳ ሲሄድ የጠፋውን ግፊት ሞላውን በመጨቆን ነው የመለሰው። ክፋቱ ክብደቱ ብቻ አይደለም፦ እጀታው ሲጨበጥ ሞላው የበለጠ ስለሚያጥር ቀለበቶቹ ተነካክተው እንደ ቧንቧ ጠጣር ይሆናሉ፤ ያኔ ሳህኑ በበቂ አይላቀቅም፣ ማርሽም አልገባ ይላል። ሮንዴላዎቹን ያስወጡ፣ ዲስኮቹን ያስለኩ። በመንገድ ላይ ቤት ለመድረስ ከሆነ እሺ፤ ለሁለት ወር ግን አይሆንም።

ካቮ የሚበጠስበትን ቦታም ያስተውሉ። ሁልጊዜ እጀታው ጋ፣ ከካቮው ክብ ጫፍ ሥር ከሆነ ጫፉ በእጀታው ቀዳዳ ውስጥ እየዞረ አይደለም ማለት ነው። ቀዳዳውን ይጥረጉና ግሪስ ያስነኩት። አዲስ ካቮ ከመግጠምዎ በፊት የፕላስቲክ ከረጢት ጥግ ቆርጠው በላይኛው ጫፉ ዙሪያ አስረው ቀጭን ዘይት ያንጠልጥሉበት፤ ከታች እስኪያንጠባጥብ አዳሩን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ጠዋት አስነስቼ አንደኛ ሳስገባ «ጓ» ብላ ወደ ፊት ዘልላ ትጠፋለች። ከሞቀች በኋላ ደህና ናት፤ መብራት ላይ ስቆም ግን ዜሮ ማርሽ ማግኘት ፈተና ነው። (ከአዳማ)

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የጠየቁን። የጠዋቱ መዝለል ዲስኮቹ ሌሊቱን በዘይት ተጣብቀው በማደራቸው ነው፤ ዘይቱ ሲወፍር ይብሳል። ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ሦስተኛ ማርሽ አስገብተው እጀታውን ጨብጠው ሞተሯን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዟት፤ ሲላቀቁ ይሰማዎታል። ለወራት የምትቆም ከሆነ እጀታውን በከመነዳሪ ቁራጭ ከመሪው ጋር አስረው ይተዉት።

ከሞቀች በኋላም ዜሮ የማይገኝ ከሆነ ግን ፍሪሲዮኑ በደንብ አይላቀቅም። ልቅነቱ ከ20 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያስተካክሉ። ያ ካልፈታው ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ የፍሪሲዮን ቤቱ (ዲስኮቹን ያቀፈው ቅርጫት) ጣቶች ላይ ነው። ባለ ሸራ ዲስኮቹ ጆሮዎች አሉሚኒየሙን ለዓመታት እየደበደቡ ጎድጓዳ ቦይ ይቆፍሩበታል፤ ዲስኩ ሲላቀቅ በዚያ ቦይ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል። ቦዩ በጥፍር ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ድረስ፣ ጠፍጣፋ ሞረድ ይዘው ሁሉንም ጣቶች እኩል ያስተካክሉ። ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከቀረበ ሲሞረድ ክፍተቱ ይሰፋና ቤቱ ያንኳኳል፤ ይቀየር። የተሞረደውን በናፍጣ ሳያጥቡ አይግጠሙ።

ጥያቄ፦ የመኪና ዘይት ጥራቱ የተሻለ ነው ብዬ ብጨምር ፍሪሲዮን መንሸራተት ጀመረ። ግንኙነት አለው? (ከሞጆ)

መልስ፦ አለው፣ በጣም። መኪና ላይ ፍሪሲዮኑ ደረቅ ነው፣ ከሞተር ዘይት ጋር አይተዋወቅም። የእርስዎ ሞተር ሳይክል ግን ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) እና ሞተሩን በአንድ ዘይት ነው የምታጥበው። ነዳጅ እንዲቆጥቡ የተሠሩ ቀጫጭን የመኪና ዘይቶች፣ እንደ 0ደብሊው-20 እና 5ደብሊው-30 ያሉት፣ መተሻሸትን የሚቀንስ ቅመም ሊኖራቸው ይችላል፤ ያ ቅመም ሸራው ላይ ሲቀመጥ ዲስኩ ይሾልካል። ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤም ኤ» ወይም «ኤም ኤ 2» የሚለውን ይፈልጉ፤ ይህ የጃፓን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ለእንዲህ ያለ ፍሪሲዮን ነው። «ኤም ቢ» የሚለው ለእርስዎ አይሆንም፤ ለስኩተር ነው። ለአዳማ ሙቀት 10ደብሊው-40 ወይም 20ደብሊው-50 ሁለቱም ይሠራሉ፤ ጠዋት የሚጣበቅባችሁ ወደ ቀጭኑ ሂዱ። አሁን ያለውን አፍስሰው ተገቢውን ይሙሉ፣ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነድተው አንዴ ይድገሙት። ሸራው ካልተቃጠለ ብዙ ጊዜ ሳይፈታ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ የድሮ ያማሃ ዲቲ 125፣ ባለ ሁለት ስትሮክ። የፍሪሲዮን ካቮውን ባጠብቀውም ባላላውም ለውጥ የለም። የካምቢዮ ዘይቷም ሳያንጠባጥብ ይጎድላል፤ ጭሷ ነጭና ብዙ ነው። (ከሶደሬ መንገድ)

መልስ፦ ካቮው የውጭ ማስተካከያ ብቻ ነው። በብዙዎቹ የድሮ ያማሃዎች ላይ ውስጥ ሌላ አለ፦ መቆለፊያ ዳዶ ያለው ብሎን፣ ገፊ ዘንጉን የሚጫን። መጀመሪያ ካቮውን ሙሉ በሙሉ ያላሉት። ዳዶውን ፈትተው ብሎኑን በካቻቢቴ ቀስ ብለው ወደ ውስጥ ያዙሩ፤ ቀለል ያለ መከልከል ሲሰማዎ ያቁሙ፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ ይመልሱ፣ ብሎኑን በካቻቢቴው ይዘው ዳዶውን ይቆልፉ። ከዚያ ብቻ ነው ካቮው የሚስተካከለው፤ ያማሃ የሚለካው እጀታው ጫፍ ሳይሆን መታጠፊያው ጋ ስለሆነ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሩብ ዙሩን የዘለለ ሰው ዘንጉ ሁልጊዜ ተጭኖ ስለሚዞር ጫፉ ነዶ ያጥራል። ዘንጉን አውጥተው ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ካገኙት ጉዳዩ ገብቶዎታል።

የዘይቱ መጉደል ግን ፍሪሲዮኑን አይመለከትም። በፍሪሲዮኑ ወገን ያለው የክራንክ ፓራኦሊዮ (ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ሲያረጅ ሞተሩ የካምቢዮውን ዘይት ስቦ ያቃጥላል፤ ነጩ ጭስ ያ ነው። ፍሪሲዮኑ በተፈታበት አጋጣሚ ያስቀይሩት፤ ሌላ ጊዜ ለእሱ ብቻ መፍታት ያስቆጫል።

ጥያቄ፦ ለቬስፓ ካምቢዮ 80 ቁጥር ዘይት ሸጡልኝ፤ ድሮ የምንሞላው 30 ነበር። አይወፍርባትም? (ከአዳማ)

መልስ፦ ቁጥሩ አያስፈራዎት። የካምቢዮ ዘይትና የሞተር ዘይት የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነው፤ የካምቢዮ 80 ውፍረቱ ከሞተር 30 ጋር የተቀራረበ ነው። የሚያሳስበው ቅመሙ ነው፤ የቬስፓ ፍሪሲዮን በዚሁ በካምቢዮ ዘይት ነውና የሚታጠበው፣ ለመኪና ዲፈረንሻል የተሠራ ከባድ የካምቢዮ ዘይት ለቬስፓ ሸራ አይስማማም። ተራ፣ ነጠላ ቁጥር የሞተር 30 ካገኙ እሱን ይሙሉ። ትላልቆቹ ቬስፓዎች 250 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛሉ፤ «ኦሊዮ» ከሚለው ቀዳዳ መፍሰስ ሲጀምር ሞልቷል። እጀታው ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ልቅነት ይተዉ።

ጥያቄ፦ ጃዋ 350 ገዛሁ። የፍሪሲዮን እጀታ ሳልነካ ማርሽ ይገባል። ተበላሽቷል? (ከመተሐራ)

መልስ፦ አልተበላሸም፣ እንዲያ ነው የተሠራችው። የማርሽ መርገጫው ራሱ ሲጫን ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል፤ ያው መርገጫ ሲታጠፍ ካልቾ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ የእጅ ካቮው ላልቶ ቢበላሽ እንኳ ማርሹ ስለሚገባ አይታወቅዎትም። የሚታወቅዎ ከቆሙበት ሲነሱ፣ ሞተሯ ዘልላ ስትጠፋ ነው። ስለዚህ የእጀታውን ልቅነት በማርሽ አይፈትኑት፤ በማዕከላዊ ማቆሚያዋ ላይ አቁመው፣ ሞተሩን አስነስተው፣ አንደኛ አስገብተው እጀታውን እንደጨበጡ የኋላ ፍሬኑን ቀስ ብለው ይርገጡ። ጎማው ያለ ግግር ከቆመና ሞተሩ ካልከበደው ካቮው ልክ ነው።